ላይብረሪያችን ስሪዲ ፕሪንተር ገባለት፣ ሠራተኛውን ማን ያሰልጥን?

መደርደሪያ_600

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከምሥራቅ ጎጃም ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ካታሎግ፣ ውሰት፣ የሕፃናት ክፍል፣ ያልዞርኩበት ቦታ የለም።

ባለፈው ዓመት አንድ ስሪዲ ፕሪንተር፣ ፕላስቲክ እያቀለጠ በንብርብር ዕቃ የሚሠራ ማሽን ማለት ነው፣ በእርዳታ ተሰጠን። አብሮት አራት ጥቅል ፊላመንት፣ ማሽኑ የሚያቀልጠው የፕላስቲክ ክር፣ መጣ። በጣም ደስ አለን። ከዚያ እኔና አንድ ባልደረባዬ ለሦስት ቀን ስልጠና ተላክን። የት እንደሆነ አልጠራም፣ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም። ግን ሰልጣኙ 28፣ ማሽኑ አንድ። የመጀመሪያው ቀን ስላይድ። ሁለተኛውም ቀን ስላይድ። ሦስተኛው ቀን አሰልጣኙ ራሱ አንድ ቁልፍ መያዣ አተመ፣ እኛ ከበነው በስልክ ቀረጽን። ሰርተፍኬት ተሰጠን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። በሦስቱ ቀን ማሽኑን በጣቴ አልነካሁትም።

አገሬ ገብቼ ማሽኑን ሳበራው ፕላስቲኩ ዕቃው የሚታተምበት ሳህን ላይ አልያዝ አለ። እንደ ተበላሸ ፈትል ተጠቅልሎ አፍንጫው ላይ ተቋጠረ። ደንግጬ አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ነጠላ ለብሶ ተቀመጠ። አቧራ እንዳይገባው ብዬ ከቤት ያመጣሁት ነጠላ ነው።

በጣም ያንገበገበኝ የልጆቹ ነገር ነው። በየቀኑ እየመጡ ነጠላውን በትንሹ ገለጥ አድርገው ያዩና "እትዬ፣ መቼ ነው የሚሠራው?" ይሉኛል።

አሁን ማሽኑን እኔ ለምጄዋለሁ። ማታ ማታ እየቆየሁ፣ እያበላሸሁ ተማርኩት። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ስምንት ሠራተኞች አሉን። አብዛኞቹ መጽሐፍ በማዋስ የኖሩ ናቸው፣ ሁለቱ ጡረታ ሊወጡ ተቃርበዋል። እነሱ ራሳቸው ለሚመጣው ሰው ማስተማር እንዲችሉ እንዴት ላሰልጥናቸው? እኔ በታመምኩ ቀን ማሽኑ መልሶ ነጠላ እንዲለብስ አልፈልግም።

አባይ_ማዶ

እህቴ፣ አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልበል። ይሄ ነገር ቅደም ተከተሉን የሳተ ይመስለኛል። እኛ ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት ማትሪክ ሲቃረብ ልጆቹ ወንበር አጥተው የመስኮት ደፍ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያነቡት። መብራት ሲሄድ በስልክ ባትሪ። መጀመሪያ ወንበር፣ መጀመሪያ መጽሐፍ። ማሽን ማስተማር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሥራ ነው። በዚያ ደመወዝ ላይ ይሄ ደግሞ ለምን በላይብረሪ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ይጫናል?

መደርደሪያ_600

አባይ_ማዶ፣ ወንድሜ፣ ምን ያስቀይመኛል። የወንበሩ ነገር እኔንም ያመኛል። ማሽኑ ግን መጥቷል፣ በወንበር አልለውጠው።

ኮሌጁ የሚቀበለው የተመዘገበ ሰው ነው። እኛ ጋ ማን ይመጣል? አሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ልብስ ሰፊ ይመጣል። ጡረተኛ ይመጣል። ቅዳሜ ገበያ ጤፉን እስኪሸጥ ድረስ ልጁን እኛ ዘንድ የሚያቆይ ገበሬ አለ፣ ያ ልጅ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት የሕፃናት ክፍል ነው የሚውለው። እኛ መታወቂያ እንጂ የፈተና ውጤት አንጠይቅም። ያ ልጅ ይሄን ማሽን ሌላ የት ሊነካው ነው?

ደጀን_በረሃ

እየተከታተልኩ ነው። እኛም ወረዳ ይመጣል ተብሏል።

ኖዝል_04

ባሕር ዳር ነኝ፣ ማሽን ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሱኝ።

በመጀመሪያ የሠራተኞቹን ፍርሃት አውርጂላቸው። ብዙ ሰው ይሄን ነገር ትናንት የመጣ ተአምር አድርጎ ነው የሚያየው። ቻክ ኸል የሚባለው አሜሪካዊ ሬዚን የሚባል ሙጫ መሰል ፈሳሽ በብርሃን እያደረቀ ዕቃ የሚሠራበትን ዘዴ ለፓተንት (ለፈጠራ መብት) ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። አንቺ ጋ ያለው ዓይነት፣ ፕላስቲክ እያቀለጠ የሚደርበው ማለት ነው፣ የመጣው ከእሱ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ባለቤቱም ስኮት ክረምፕ ይባላል። ያ ፓተንት በ2009 አካባቢ ጊዜው አለፈበት። እንግሊዝ አገር ባዝ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኤድሪያን ቦየር የሚባል ሰው ከ2005 ጀምሮ የራሱን ክፍሎች የሚያትም ማሽን ለመሥራት ተነሳ፣ ንድፉንም ለማንም በነፃ ለቀቀው። የማሽኑ ዋጋ የወደቀው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። ዛሬ አንቺ ዘንድ የደረሰው ሰው ስለተካፈለው ነው። ላይብረሪያን ደግሞ ይሄን ከማንም በላይ ይረዳል፣ ሥራችሁ ራሱ ማካፈል ስለሆነ።

ወደ ስልጠናው ልግባ። ስምንቱን አንድ ላይ አታስቀምጪ። ሁለት ሁለት አድርጊያቸው፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት ያህል። ሦስት ቀን በተከታታይ ከማድረግ ይሄ ይሻላል፣ ምክንያቱም በመሀል ያለው ሳምንት ራሱ ያስተምራል፣ ሰው እቤቱ ሄዶ ያስባል።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አታትሙ። ፈትታችሁ እዩት። ፊላመንቱን ያውጡት፣ ይመልሱት፣ ደጋግመው። ክሩ 1.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ የሚወጣበት ቀዳዳ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንዱ ንብርብር አብዛኛውን ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። በእጃቸው ይዳስሱት። ኖዝሉ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚወጣበት አፍንጫ፣ ሲሠራ 200 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ እሱን እንዳይነኩ ከዚያው ከመጀመሪያው ቀን ይልመዱ። ልጅ ሲመጣ ቀድሞ የሚነገረውም እሱ ነው።

ከዚያ ሳህኑን በኤ4 ወረቀት ማስተካከል። ወረቀቱን በኖዝሉና በሳህኑ መሀል አስገብተሽ ስትስቢው ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት፣ እንዲሁ ካለፈ ሩቅ ነው፣ ከተቀደደ ቀርቧል። አንቺ የገጠመሽ እንደ ፈትል መቋጠር ዘጠና በመቶው እዚህ ጋ ነው የሚፈታው። እኔ የማያቸው ቆሻሻ መጣያ የሚጣሉ ሥራዎች ሁሉ መነሻቸው የመጀመሪያው ንብርብር ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ሆን ብለሽ አበላሺባቸው። አንቺ ቀድመሽ ግቢና ሳህኑን ዝቅ አድርጊው። ወይ ሙቀቱን 170 አድርጊው። ወይ ክረምቱን ሙሉ ያለ ላስቲክ የከረመ ፊላመንት ጫኚበት። ከዚያ ጥሪያቸውና ምን እንደሆነ ፈልጉ በያቸው። የኛ አገር ክረምት ለፊላመንት ጠላት ነው፣ እርጥበት ይጠጣል፣ ከዚያ ሲቀልጥ እንደሚቆላ ተልባ ጣ ጣ ይላል፣ ላዩም ይሻክራል። ያን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሠራተኛ ሁለተኛ ማንንም አይጠይቅም። ያልተበላሸ ማሽን ላይ የሰለጠነ ሰው ግን በመጀመሪያው ብልሽት ቀን ማሽኑን አጥፍቶ ይሄዳል። አንቺም እንደዚያ አይደል የሆንሽው።

መብራትን በተመለከተ። ብዙ ማሽኖች መብራት ሲመለስ ካቆሙበት የመቀጠል ነገር አላቸው፣ ግን ሳህኑ ሲቀዘቅዝ ሥራው ተነስቶ ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ ለስልጠናም ለተጠቃሚም ከ40 ደቂቃ በላይ የሚወስድ ነገር አታስጀምሩ። ይሄ ሌላም ጥቅም አለው፣ ቅዳሜ አሥር ልጅ ከመጣ ሁሉም ተራ ይደርሰዋል።

የቅኔ_ልጅ

ልጄ፣ እኔ ማሽኑን አላውቀውም። ከመቀመጫዬ ርቆ ያለ ነገር ነው። ማስተማርን ግን 36 ዓመት ሠርቼዋለሁ፣ ከዚያም በፊት በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ገብቻለሁ። ስለዚያ ልንገርሽ፣ ይጠቅምሻል ብዬ ነው።

በጉባኤ ቤት መምህሩ ያን ሁሉ ተማሪ ብቻውን አያደርሰውም። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። ትናንት የተማረው ዛሬ ያስተምራል። ይሄ የሰው እጥረት የወለደው ብቻ እንዳይመስልሽ። የሚያስቀጽለው ልጅ ራሱ የሚጸናው ያኔ ነው። ለራሱ ያወቀ የመሰለው ነገር ሌላ ልጅ ፊት ሲቆም ይጠፋበታል፣ ከዚያ ተመልሶ ይፈልጋል። ስለዚህ ሠራተኞችሽን ሁሉን አውቀው እስኪጨርሱ አትጠብቂያቸው። አንድ ነገር የተማረ ያንኑ አንድ ነገር በማግስቱ ለባልደረባው ያስቀጽል። ወረቀቱን ማስተካከል የቻለች እሱን ብቻ ታስተምር።

ሁለተኛው። ቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ በመሸምደድ አይጀምርም። ግሱን፣ አገባቡን ይማራል እንጂ ቅኔውን ራሱ ነው የሚቆጥረው። ሜዳ ወጥቶ፣ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ያስባል። ማታ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያቃናለታል፣ የተሰበረውን ያሳየዋል። መጀመሪያ የሚቆጥረውም ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ስምንት ቤት ያለው መወድስ በኋላ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን መወድስ ቁጠር የተባለ ልጅ ሸሽቶ አገሩ ይገባል።

እናንተም ከኢንተርኔት የወረደ የሰው ሥራ ከምታትሙ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለራሱ የሚሆን አንዲት ትንሽ ነገር ያስብ፣ ይሥራ፣ ይታረም። ያቺ ጉባኤ ቃናው ትሁን።

መደርደሪያ_600

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "ያስቀጽላል" ያሉትን ቃል ሳነብ ቁጭ አልኩ። ስልጠናው ላይ "አሰልጣኝ የማሰልጠን ማኑዋል" የሚል 90 ገጽ ነበር የተሰጠን። ይሄ ሁሉ እኛው ሰፈር እያለ።

ካታሎግ_ወዳጅ

ለአባይ_ማዶ ትንሽ ልጨምር። የላይብረሪ ሥራ አይደለም ላልከው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ፣ ሰው መጥቶ በማሽን ዕቃ የሚሠራበት ክፍል የተከፈተበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የሚጠቀሰው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ፌየትቪል የምትባል ትንሽ ቦታ ያለው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011። ትልቅ ከተማ አይደለም። ሀሳቡን ይዛ የመጣችውም የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተማሪ ናት እንጂ ኢንጂነር አይደለችም።

ሌላም አለ። አሜሪካ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ኒል ገርሸንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ማለት ይቻላል ሁሉንም ነገር መሥራት የሚያስተምር ኮርስ ከፈተ። ጥቂት የምርምር ተማሪዎች ይመጣሉ ብሎ ነበር፣ መቶ የሚሆን ሰው ጎረፈ። ብዙዎቹ ሰዓሊ፣ አርክቴክት፣ ስለ ማሽን የማያውቁ ነበሩ። የመጡት ሊሠሩት የፈለጉት አንድ ነገር ስለነበራቸው ነው። በኋላ ፋብ ላብ የሚባሉት ክፍሎች በዓለም የተሠራጩት ከዚያ ተነስተው ነው። ስለዚህ የኛ ሰዎች እድሜያቸው ገፍቷል፣ ካታሎግ ብቻ ነው የሚያውቁት የሚለው ለእኔ አይዋጥልኝም። የሚፈልጉት ነገር ይኑራቸው እንጂ ይማራሉ።

ፍኖተ_ሰላም_ልጅ

እኔ ላይብረሪያን አይደለሁም፣ ተጠቃሚ ነኝ። 12ኛ ክፍል። ከተጠቃሚ በኩል አንድ ነገር ልናገር?

አንድ ቦታ ሄጄ ማሽኑን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ያስተናገደኝ ሰውዬ ጥሩ ሰው ነው፣ ጊዜውን ሰጥቶኛል። ግን ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ "ቆይ አንዴ" ብሎ ማውሱን ወሰደብኝ። ከዚያ አልመለሰልኝም። ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ አለቀ አለኝ። የታተመውን ይዤ ሄድኩ። ጓደኞቼ እንዴት ሠራኸው ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። እኔ አልሠራሁትማ።

እባካችሁ ለሠራተኞቻችሁ ይሄን ንገሯቸው። ማውሱን አትንኩብን። ቀስ ብንልም።

ኖዝል_04

የኔ ወንድም፣ ይሄን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት። እኔም ማውስ እቀማለሁ። ነገ ጠዋት የሚመጣ ሰልጣኝ አለኝ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ አስገብቼ ነው የምቆመው።

የሞጣ_ላይብረሪያን

እኔ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ነኝ፣ አንድ ማሽን ከክበቡ ጋር እንጋራለን። ባለፈው ወር የሆነውን ልንገራችሁ።

አንዲት ተማሪያችን የእርሳስ መያዣ እያተመች አመሸች። እናትዮዋ ሊጠሯት መጡ። መቀነታቸው ላይ ወስፌ ሰክተዋል፣ ከስፌት ነው የተነሱት። "እናቴ፣ ጥቂት ነው የቀረው፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። ተቀመጡ። ማሽኑን ዝም ብለው ያዩታል። ኖዝሉ ዞረ፣ ዞረ፣ አንድ ዙር ሲጨርስ ትንሽ ከፍ አለ፣ እንደገና ዞረ። አምስት ደቂቃ ያህል አይተው "ይሄማ ስፌት ነው" አሉ።

እኔ አልገባኝም። ወስፌያቸውን ነቅለው አሳዩኝ። "ስንደዶውን ትይዣለሽ፣ በአክርማ እየጠቀለልሽ ታዞሪያለሽ፣ ያለፈውን ዙር ወግተሽ በላዩ ላይ ታስሪዋለሽ። ዙር በዙር ላይ። ይሄም ያለፈው ላይ እያሰረ ነው የሚወጣው። ክሩ ግን ሙቅ ነው መሰለኝ።"

ልጅቱ ደግሞ አፉ ሰፋ ያለ ዕቃ ልትሠራ ፈልጋ ሁለት ጊዜ ወድቆባት ነበር። ፕላስቲኩ አየር ላይ ሲወጣ ይዘምማል። እኛ 45 ዲግሪ፣ ድጋፍ፣ ምናምን ብለን ልናስረዳት ስንደክም እናትዮዋ "መሶብ ላይ አፉን ስታሰፊ በአንዴ አትዘይም። እያንዳንዱን ዙር ከሥሩ ካለው ትንሽ ትንሽ ነው የምታወጪው፣ ግማሹ ሥሩ ላይ ማረፍ አለበት" አሏት። ልጅቱ ኮምፒውተሩ ላይ ተመለሰችና ግድግዳውን ቀስ እያለ እንዲሰፋ አድርጋ ሠራችው። ቆመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ተጠቃሚ ሲመጣ ማስረዳት የምጀምረው በሰፌድ ነው። አንድ ሰፌድ ከማሽኑ አጠገብ ሰቅያለሁ። ጎጃም ውስጥ ሰፌድ ያላየ ሰው አይመጣብኝም። ሠራተኞቻችሁንም ስታሰለጥኑ የስፌት እጅ ያላት ካለች ከእሷ ጀምሩ።

መደርደሪያ_600

ጡረታ ሊወጡ ተቃርበዋል ካልኳችሁት አንዷ ስፌት ሰፊ ናት! ሙዳዩዋ ከአንድም ሁለት ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል። እሷን ነበር ከሁሉ በላይ ያሰብኳት፣ እንዴት ትለምደዋለች ብዬ።

ደጀን_በረሃ

ጥያቄ። ለእኛ ደግሞ ሌዘር መቁረጫም ይጨመራል እየተባለ ነው። እንቀበል? አንድ ባልደረባዬ ሌዘር ሲባል ጃኬት መቁረጫ መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

ኖዝል_04

ባልደረባህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ እውነተኛ ቆዳ ይቆርጣል። አደገኛው ሰው ሠራሽ ቆዳው ነው። ብዙው ፒቪሲ በሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ ፒቪሲ በሌዘር ሲቃጠል ክሎሪን ያለበት መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ሳንባም ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። ገበያ ላይ ሌዘር ተብሎ የሚሸጠው ጃኬት የትኛው እንደሆነ በዓይን መለየት ከባድ ነው። እንጨትም ቢሆን እሳት ይነሳል፣ ስለዚህ ማሽኑ እየሠራ ሰው ለደቂቃ ከአጠገቡ አይነሳም። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦና የእሳት ማጥፊያ ከሌላችሁ መጽሐፍ ባለበት ክፍል አታስገቡት። መጀመሪያ ፕሪንተሩን አንድ ዓመት ሥሩበት። ፈሳሽ ሬዚን የሚጠቀመውንም ዓይነት ፕሪንተር ቢሰጧችሁ ለሕፃናት ክፍል አይሆንም፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ጓንት ይፈልጋል።

ለፊላመንትም ፒኤልኤ ከሚባለው አትውጡ። ከበቆሎ ስታርች ወይም ከሸንኮራ ነው የሚሠራው፣ ሽታው ቀላል ነው። ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ሰው መጥቶ የቡና ስኒ አትሙልኝ ካለ አይሆንም በሉት። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ራሱ ይጣመማል።

መምህርት_ዳንግላ

እኔ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ይሄን ውይይት ሳነብ አንድ ነገር መጣልኝ። ጂኦግራፊ ላይ "አባይ ጎጃምን ከቦ ይሄዳል" እላለሁ። ልጆቹ ይሸመድዱታል። ግን "ከቦ" የሚለው ለእነሱ ምን እንደሆነ አላውቅም። በጣታቸው የሚከተሉት ካርታ ብታትሙልኝ? ፊደልም ቢሆን፣ ማየት የሚችሉት ጓደኞቻቸው የሚጽፉት "ሀ" ምን እንደሚመስል የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ።

ኖዝል_04

መምህርት፣ ይቻላል፣ ደግሞም ለሠራተኞቹ ከዚህ የተሻለ መልመጃ የለም።

ፊደሉ ቀላል ነው። ኢንክስኬፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ላይ አቢሲኒካ በሚባለው ነፃ ፎንት "ሀ" ብላችሁ ጻፉ። ጽሑፉን ወደ መስመር ቀይሩት፣ ኤስቪጂ የሚባል የሥዕል ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቲንከርካድ የሚባል ዕቃ የሚነደፍበት ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት ውፍረት ሰጥታችሁ ታነሱታላችሁ። ቲንከርካድ ነፃ ነው፣ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኔት በሚጠፋበት ቀን ፍሪካድ የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጭናችሁ መሥራት ትችላላችሁ፣ እሱ ትንሽ ይከብዳል። ንድፉን ለማሽኑ በንብርብር የሚቆራርጥለት ኩራ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ያለ ኔት ይሠራል።

ካርታው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የመሬቱ ከፍታ መረጃ አለ፣ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካው በነፃ ይገኛል። ግን 10 ኪሎ ሜትሩን አንድ ሳንቲም ሜትር ብታደርጉት፣ 4,100 ሜትር ገደማ የሚሆነው ጮቄ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሆነው። ደጀን ታች የአባይ በረሃ 1,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከጮቄ ጫፍ እስከ አባይ ወለል 3 ሚሊ ሜትር። ለጣት አይበቃም። ከፍታውን ብቻ ሦስት እጥፍ አድርጉት። መጠኑም ትልቅ ስለሚሆን በአንዴ አታትሙት፣ በአራት ቁራሽ ከፍላችሁ አትማችሁ አያይዙት፣ መብራትም እንዳያሰናክላችሁ።

መደርደሪያ_600

ሁለት ወር ተኩል ሆነኝ ከጻፍኩ። የሆነውን ልንገራችሁ ብያለሁና።

ሁለት ሁለት ሆነን ጀመርን። ሰፊዋ ባልደረባዬ በመጀመሪያው ቀን "አይ፣ እኔን ተይኝ፣ ለወጣቶቹ አድርጊው" ብላ ነበር። ሰፌድ ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጬ የሞጣዋን እናት ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ አየችው። በሁለተኛው ሳምንት የወረቀቱን ማስተካከል ከሁላችንም በላይ አወቀችው። እጇ ልዩ ነው፣ ወረቀቱ ያዝ ሲያደርግ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታዳምጠው። አሁን አዲስ ሰው ሲመጣ ያንን የምታስቀጽለው እሷ ናት።

በሦስተኛው ሳምንት ፊላመንቱን ክፍት አድርጌ አርጥቤ ጫንኩባቸው። ጣ ጣ ሲል አንዱ ሮጦ ሶኬቱን ነቀለ። አንደኛዋ ግን ቆይ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ በኋላ ጥቅሎቹን በላስቲክ፣ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጋር የምታሽገው እሷ ሆናለች፣ ማንም ሳያዛት።

ማውሱን አለመንካት ከባዱ ነው የሆነብን። እውነቴን ነው። ስምንታችንም መጽሐፍ ፈልጎ አውጥቶ መስጠት የለመድን ሰዎች ነን፣ ሰው ሲቸገር እጃችን ይቀድማል። ስለዚህ የሚያስተምረው ሠራተኛ የተቀደደ መጽሐፍ እያጣበቀ እንዲያስረዳ አደረግን። እጁ ሥራ ሲይዝ አይቀማም።

ሁሉም ጉባኤ ቃናውን ቆጥሯል። የጥበቃ ሠራተኛችን ሳይቀር። እሱ የበሩን ቁልፍ የሚያንጠለጥልበት ሠራ። ልብስ ሰፊው ደንበኛችን ደግሞ መጥቶ የተሰበረ የሲንጀር ማሽን ክር መያዣ አመጣ። ሠርተን አልሰጠነውም። ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ አስይዘን ራሱ ለካው፣ ራሱ ሣለው። ሦስት ጊዜ አልገጠመም። አራተኛው ገጠመ። 6 ግራም ነው የወሰደው። ከአጠገቡ ካለው መደርደሪያም ስለ ስፌት ማሽን ጥገና የሚያወራ መጽሐፍ ተውሶ ሄደ። አባይ_ማዶ፣ ይሄን ለአንተ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ያልተሳካም አለ። ቅዳሜ ሰው ይበዛል፣ ልጆች ተራ ሲጠብቁ ይጣላሉ። የቀረን ፊላመንት አንድ ጥቅልና ትንሽ ነው፣ በጀት ደግሞ የለውም። ኩራ ላይ ግራሙን እያየን እናስከፍል ወይስ ነፃ ይሁን በሚለው ቢሮ ውስጥ አልተስማማንም። እኔ ለተማሪ ነፃ ይሁን ባይ ነኝ።

አባይ_ማዶ

አንብቤዋለሁ እህቴ። የወንበሩን ነገር አሁንም አልተውኩም። ግን አንድ ጥቅል ፊላመንት ስንት ብር ነው? ማኅበራችን ውስጥ ላነሳው ነው።

መምህርት_ዳንግላ

ካርታውስ?

መደርደሪያ_600

ሦስቱ ቁራሽ ታትሟል፣ አራተኛው ሦስት ጊዜ መብራት አቋረጠው። ዛሬ ማታ እንደገና እንሞክራለን። ጣና ያለበትን ቁራሽ ሰፊዋ ባልደረባዬ ዓይኗን ጨፍና ስትዳስሰው ነበር፣ ከባሕር ዳር ተነስታ አባይን ተከትላ ወደ ጢስ አባይ፣ ከዚያ ዞራ እስከ ደጀን ደርሳ ቁራሹ ሲያልቅባት "ቀሪውስ?" አለች። ለቅዳሜ ከደረሰ በሚኒባስ እልክልሻለሁ፣ ስልክሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የ"ሀ" እና የ"ለ" ቤት ፊደሎቹም አብረው ይመጣሉ፣ ጠርዛቸውን በሸካራ ወረቀት እያለሰለስናቸው ነው፣ የልጆቹን ጣት እንዳይቧጥጥ።